ማን ይጠብቅ?

በዚህች መጽሔት ላይ ስለ ፍቅር፣ ስለ ሞት፣ ስለ ነፃነት ብዙ ተጽፏል። ስለ ምጣድ ግን እስካሁን የጻፈ የለም። እኛ ዛሬ ስለ አንድ ምጣድ፣ ስለ አንዲት ኬትልና ስለ አንድ አሮጌ ቆጣሪ ልንጽፍ ተነሥተናል። «ደግሞ ይኸ ምን ፍልስፍና አለው?» የሚል እንደማይጠፋ እናውቃለን። እኛም ብንሆን እንደዚሁ እንል ነበር። ይህን አነጋገር ያስተወን ያለፈው ዓመት የፈተና ሳምንት ነው።

ጥያቄያችን አጭር ነው። ብዙ ቤት በአንድ መስመር ሲጠቀም፣ መስመሩም ሁሉንም በአንድ ሰዓት መሸከም ሲያቅተው፣ ማን ይጠብቅ? ሁሉም እኩል ይጠብቅ? ብዙ የሚስበው ይጠብቅ? ወይስ እንደ ልማዳችን ድምፁ የማይሰማው ይጠብቅ?

ጥያቄው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከግቢያችን ስለመጣ፣ በመጀመሪያ የሆነውን እንናገር።

፩

እኛ አራት ነን። ሁለታችን ምሕንድስና፣ አንዳችን ፍልስፍና፣ አንዳችን ሥነ ጽሑፍ እንማራለን። ዶርም ስላልደረሰን ከአንድ ግቢ ውስጥ አንዲት ሰርቪስ ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። ግቢው አራት በር፣ አንድ ቆጣሪ አለው። ትልቁ ቤት የአከራያችን የእትዬ ነው። ቀጥሎ አንድ ሹፌር ከሚስቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር ይኖራል። ጥግ ያለችው በር የእማማ ናት። የመጨረሻዋ የኛ።

እማማ ቀን ቀን ሰው ቤት ልብስ ያጥባሉ። ማታ ከአንድ ሰዓት እስከ አራት ሰዓት እንጀራ ይጋግራሉ። ስድሳ እንጀራ። ሲነጋ ለሁለት ሱቆች ያደርሳሉ። የቤት ኪራዩ፣ የልጅ ልጃቸው ደብተርና ጫማ ከዚያች ምጣድ ላይ ነው የሚወጣው።

እኛ ደግሞ ከላይብረሪ ርቦን እንመለሳለን። ሻይ የምናፈላባት አንዲት ኬትል፣ ማካሮኒ የምንቀቅልባት አንዲት ሽቦዋ የሚቀላ የኤሌክትሪክ ምድጃ አለችን። የምንሰካቸው መቼ ነው? ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ልክ የእማማ ምጣድ ግሎ ሥራ በያዘበት ሰዓት።

አሁን ሒሳቡን እንመልከት። ምሕንድስና የሚማሩት ሁለቱ ኋላ ያፈሩበት ሒሳብ ነው። የግቢያችን መስመር ልኩ 25 አምፔር ነው፤ በ220 ቮልት ሲባዛ 5.5 ኪሎዋት ይሆናል። የእማማ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ይስባል። የእትዬ መታጠቢያ ቤት ቦይለር 1.5 ኪሎዋት ይስባል፤ ቀንም ሌሊትም ተሰክቶ ነው የሚውለው። የአራቱ ቤት አምፖል፣ ቴሌቪዥን፣ ፍሪጅና የስልክ ቻርጀር ቢደመር ግማሽ ኪሎዋት አይሞላም። ሁሉ በሁሉ 5.4 ያህል። ጢም ብሏል፤ ግን መስመሩ ይችለዋል። እኛ ስንጨመርበትስ? ኬትሏ 2፣ ምድጃዋ 1.5። ድምሩ ወደ 9 ኪሎዋት ይጠጋል። መስመሩ ለጥቂት ደቂቃ ይታገሥና ብሬከሩ ቷ ብሎ ይወርዳል። ግቢው ይጨልማል።

በሳምንት ሦስት አራት ጊዜ ይወርድ ነበር። ሲወርድ የምናደርገውን እንናዘዝ። በዳበሳ ሁለቱንም ነቅለን አልጋ ሥር እንከታለን። ከዚያ በር ከፍተን እንወጣና እንደማንኛውም ሰው «ምነው፣ መብራት ሄደ እንዴ?» እንላለን። እማማ ባትሪያቸውን ይዘው ይመጣሉ። ሹፌሩ ወንበር ላይ ቆሞ ብሬከሩን ያነሣል። መብራት ይመጣል። እማማ ወደ ምጣዳቸው ሲመለሱ ግን የተሰፋው እንጀራ ዓይን ሳያወጣ ሊጥ ሆኖ ቀርቷል። እሱን ይፍቃሉ፤ ምጣዱን እንደገና ያስሳሉ፤ እስኪግል ይጠብቃሉ። በዚህ የሚባክነውን ሊጥና ጊዜ አንድም ቀን ቆጥረነው አናውቅም።

በፈተናው ሳምንት አንድ ሐሙስ ማታ ብሬከሩ አራት ጊዜ ወረደ። በአራተኛው ሲነሣ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ። ከቆጣሪው የሚወጣው ሽቦ ቀልጦ ነበር። ሠራተኛ ተጠርቶ እስኪጠገን በማግስቱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሆነ። የእማማ ሊጥ አብሲቱ ገብቶለት ኩፍ ያለ ነበር፤ ሲያድር ኮምጥጦ ለሰው የማይቀርብ ሆነ። ሁለቱ ሱቆች የዚያን ቀን ከሌላ ገዙ።

ቅዳሜ ማታ እትዬ ግቢው መካከል ቆመው ፈረዱ። «ከእንግዲህ በዚህ ግቢ ማታ ማታ ምጣድ አይሰካም! ቤቴን ልታቃጥዪብኝ ነው እንዴ?» በዕድሜ የሚበልጧቸውን ሴት «አንቺ» እያሉ ነበር። እማማ ምንም አልመለሱም። እኛ በመስኮት እንሰማለን። ከአራታችን የተነፈሰ የለም።

የባሰው በማግስቱ መጣ። እማማ በራችንን አንኳኩተው ገቡና እንዲህ አሉን፦ «ልጆቼ፣ በፈተናችሁ ሳምንት ጨለማ አደረግሁባችሁ። በኔ ምጣድ የተነሣ ነው። ይቅር በሉኝ።»

እኛን ይቅርታ ጠየቁ።

፪

ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ዝም አልን። ዝም ስንል ግን ራሳችንን የምናሳምንበት ቃል አላጣንም። ሰው ባጠፋ ጊዜ ጠበቃ አይቸግረውም፤ ጠበቃው ራሱ ነውና። ያን ጊዜ ያቀረብናቸውን መከራከሪያዎች እዚህ እናሰፍራቸዋለን። የኛ ብቻ እንዳልሆኑ እንጠረጥራለንና።

የመጀመሪያው «ከፍለናል» የሚል ነው። በየወሩ ድርሻችንን ለእትዬ እንሰጣለን፤ የከፈልንበትን በፈለግነው ሰዓት ብንጠቀም ማን ይከለክለናል? መልሱን ያገኘነው ወፍጮ ቤት ነው። ወፍጮ ቤት ያስፈጨ ሁሉ ይከፍላል፤ የከፈለ ሁሉ ግን ወረፋ አይሰብርም። ዋጋው የእህሉ መጠን ነው፤ ተራው ሌላ ነገር ነው። የግቢያችን ቆጣሪም ስንት እንደበላን እንጂ መቼ እንደበላን አይጠይቅም። ቆጣሪ አልጠየቀንም ማለት ግን ጎረቤት አይጠይቀንም ማለት አይደለም።

ሁለተኛው «የኛ ትንሽ ናት» የሚል ነው። ምጣድ የሚያህል ነገር እያለ ስለ አንዲት ኬትል ይወራል? እስቲ ደምሩት። 2 እና 1.5 ስንት ነው? 3.5። የኛ ሻይና ማካሮኒ ከእማማ ምጣድ እኩል ነው! ልዩነቱ የሳቸው አንድና ትልቅ ስለሆነ ለሁሉ ይታያል፤ የኛ ለሁለት ተከፍሎ አልጋ ሥር ይገባል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል የምናስበው ሁልጊዜ በጎውን ነው። ለጥፋትም ያው ነው። ትንንሹ ነገር በአንድ ሰዓት ሲያብር አንበሳውን መስመር ያስረዋል፤ ከድሮቹ መካከል ግን «እኔ ነኝ ያሰርሁት» የሚል አይገኝም።

ሦስተኛው ከሁሉም የበለጠ ክብደት ያለው ነው። «ጥፋቱ የመስመሩ ነው» ይላል። ሽቦው ይወፍር፣ ትራንስፎርመሩ ይተለቅ፣ ግድብ ይገደብ፤ ያን ጊዜ ማንም ማንንም አይጠብቅም። ይኸን መከራከሪያ አንጥለውም፤ እውነት አለበት። የድሃ ሰፈር ቀጭን ሽቦ ቀጭን ሆኖ የቀረው በተፈጥሮ ሕግ አይደለም። ግን የነገሩን ግማሽ ብቻ ነው የሚነግረን። ለምን እንዲህ እንዳልን ለማስረዳት ከግቢያችን ወጣ ማለት ያስፈልጋል።

፫

ኤሌክትሪክ እንደ ጤፍ በጎተራ አይቀመጥም። በግድብ የሚጠራቀመው ውሃው ነው። ኃይሉ ግን በሚመነጭበት ቅጽበት መበላት አለበት፤ በሚበላበት ቅጽበትም መመንጨት አለበት። ስለዚህ የአንድ አገር መብራት በዓመት ስንት ይበቃል ብሎ መጠየቅ ብቻውን ዋጋ የለውም። ዋናው ጥያቄ በዚያች በከባዷ ሰዓት ይበቃል ወይ? ነው። በአገራችን ያቺ ሰዓት ጀንበር ከጠለቀች በኋላ ትመጣለች። አምፖሉ ይበራል፣ ቴሌቪዥኑ ይከፈታል፣ ምጣዱ ይጣዳል፣ ወጡ ይሠራል። ሁሉም ሥራውን ጨርሶ ቤቱ የገባው በዚያችው ሰዓት ነው። በዚያች ሰዓት አምፖሉ ደብዝዞ ሲቀላ ያላየ የከተማ ልጅ የለም። ቦኖ ሲከፈት የሰፈር ሰው ሁሉ ከያለበት ቧንቧውን ቢከፍት ውሃው እንደሚቀጥን ማለት ነው።

በግንቦት 2011 ዓ.ም. የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ ውሃ በማነሱ በአገር አቀፍ ደረጃ መብራት በፈረቃ እንዲሆን ታውጆ ነበር። ፈረቃ የማን ይጠብቅ ጥያቄ በጣም ሻካራ መልስ ነው። ሰፈሩን በሙሉ ያጠፋዋል፤ አምፖሉን ከቦይለሩ፣ የበሽተኛውን መተንፈሻ ከግድግዳው ጌጥ አይለይም። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሠርቷል። የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ አቅሙ 5,150 ሜጋዋት ነው። ደስ ይለናል። ነገር ግን ያ ሁሉ ኃይል መጥቶ መጥቶ የሚያልፈው በሰፈሩ ትራንስፎርመርና በግቢያችን 25 አምፔር ሽቦ ነው። ለሁለት ለሦስት የምሽት ሰዓት ብቻ ሲባል፣ ቀሪውን ቀን ሥራ ፈትቶ የሚውል ሽቦና ትራንስፎርመር በየሰፈሩ እንትከል ቢባል፣ ገንዘቡ ገና አምፖል ካላየው የገጠር ቤት ነው የሚወሰደው። የኛን አለመጠበቅ ሌላ ሰው በሩቅ ሆኖ ይጠብቅልናል ማለት ነው።

ይኸ የድሃ አገር ነገር ብቻ እንዳይመስል እንግሊዞችን እንይ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 4 ቀን 1990 እንግሊዝና ምዕራብ ጀርመን ለዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ተጋጠሙ። ጨዋታው በፍጹም ቅጣት ምት እንዳለቀ ሕዝቡ ከቴሌቪዥኑ ተነሥቶ ሻይ ሊያፈላ ሄደ። በዚያች ቅጽበት የአገሩ የኤሌክትሪክ ፍላጎት በ2,800 ሜጋዋት ዘለለ። የጊቤ ሦስት ሙሉ አቅም 1,870 ሜጋዋት ነው። አንድ ተኩል ጊቤ ሦስት በአንድ የሻይ ሰዓት! እነሱ እ.ኤ.አ. በ1984 ዌልስ ውስጥ ዲኖርዊግ በሚባል ቦታ ባለ ተራራ ሌሊት ሌሊት ውሃ ወደ ላይ እየገፉ የሚያስቀምጡበት፣ ሲፈልጉ በሰኮንዶች ውስጥ የሚለቁት ማመንጫ መርቀው ነበርና እንዲህ ያለውን ድንገተኛ ዝላይ መሸከም ይችላሉ። ተራራ የሚጠብቅለት ሕዝብ ራሱ መጠበቅ አያስፈልገውም።

ተራራው የሌለውስ? ኒውዚላንዶች ሌላ መንገድ ያዙ። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ዓመታት ጀምሮ በዚያው በኤሌክትሪኩ ሽቦ ላይ ምልክት እየላኩ በከባዷ ሰዓት የየቤቱን የውሃ ማሞቂያ ያጠፋሉ፤ ሰዓቷ ስታልፍ መልሰው ያበራሉ። በጋኑ ያለው ውሃ ስለማይቀዘቅዝ የቤቱ ሰው ብዙውን ጊዜ ጠፍቶ እንደነበር እንኳ አያውቅም።

ካሊፎርኒያም አለች። እ.ኤ.አ. መስከረም 6 ቀን 2022፣ በታላቅ ሙቀት ወቅት፣ አመሻሹ ላይ በሚሊዮን ለሚቆጠሩ ስልኮች አንድ አጭር መልእክት ተላከ። ጤናችሁ የሚፈቅድ ከሆነ አስቸኳይ ያልሆነውን አጥፉ የሚል ነበር። ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ፍላጎቱ በ2,000 ሜጋዋት ገደማ ወረደ። መብራት በፈረቃ ማጥፋትም ሳያስፈልግ አመሸ። እኛን የገረመን ቁጥሩ ብቻ አይደለም። «ጤናችሁ የሚፈቅድ ከሆነ» የምትለዋ ቃል ናት። ሁሉም እኩል ይጠብቅ አላለችም። መጠበቅ የሚችል ይጠብቅ ነው ያለችው።

፬

ወደ ግቢያችን እንመለስ። እትዬ «ምጣዱ ይቅር» ብለው ሲፈርዱ የተጠቀሙበት መመዘኛ ምን ነበር? ትልቁ ጭነት ይነሣ የሚል ነው። ላይ ላዩን ሲያዩት ትክክል ይመስላል። እኛ ግን ጠማማ ነው እንላለን። የአንድን ዕቃ ትልቅነት ማወቅ ዕቃው መጠበቅ ይችል እንደሆነ አይነግረንምና።

መጠበቅ የሚችለው የትኛው ነው? ምሕንድስና የሚማሩት መልስ አላቸው፤ መልሱም ለሥነ ምግባር የሚጠቅም ሆኖ አግኝተነዋል። በውስጡ ያጠራቀመው ነገር ያለው ዕቃ ትዕግሥት አለው። ቦይለር ሙቀት አጠራቅሟል፤ ሦስት ሰዓት ቢጠፋ ውሃው ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። ፍሪጅ ቅዝቃዜ አጠራቅሟል፤ በሩን ካልከፈቱት ለሰዓታት ይታገሣል። ስልክ ባትሪ አለው። ውሃ ወደ ሮቶ የሚገፋ ፓምፕ ሮቶው ሞልቶ ከሆነ እስከ እኩለ ሌሊት ቢቆም የሚጎዳ የለም። ምጣድስ? የምጣድ ትዕግሥት ጥቂት ደቂቃ ነው። አምፖል ደግሞ ጨርሶ ትዕግሥት የለውም፤ ባጠፉት ቅጽበት ጨለማ ነው።

እንግዲህ አንባቢ ይህን ዝርዝር መልሶ ያንብበውና ባለቤቶቹን ይጠይቅልን። ቦይለር ያለው ማን ነው? ፍሪጅ ያለው ማን ነው? ሮቶና ፓምፕ ያለው ማን ነው? አምፖልና ምጣድ ብቻ ያለውስ ማን ነው? ትዕግሥት ያለው ዕቃ የሚገኘው ያለው ሰው ቤት ነው። የሌለው ሰው ዕቃዎች መጠበቅ አይችሉም፤ ስለዚህ ጠብቅ ሲባል የሚጠብቀው ዕቃው ሳይሆን ሰውዬው ራሱ ነው። እትዬ ቢጠብቁ የሚጠብቀው ቦይለሩ ነው። እማማ ቢጠብቁ የሚጠብቁት እማማ ናቸው፤ ያውም እስከ እኩለ ሌሊት፣ ቀን ልብስ ሲያጥብ በዋለ ወገብ።

ልንለው የፈለግነው ይኸን ነው። ዕቃ መጠበቅ እየቻለ ሰው አይጠብቅ። በመጀመሪያ ማንም ሳይጎዳ የሚጠብቀው ዕቃ ይጠብቅ። ያ ካልበቃ ምቾት ብቻ የሚቀርበት ይጠብቅ፤ ካውያ፣ የኛ ኬትል፣ የኛ ማካሮኒ። እንጀራው፣ ጤናው ወይም የልጁ ትምህርት የተንጠለጠለበት ሰው መጨረሻ ላይ ይጠየቅ።

ይኸ ደንብ ነገ የበለጠ ያስፈልገናል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚሄዱት በከተማችን በዝተዋል። አንድ መኪና ግድግዳ ላይ በሚተከል 7 ኪሎዋት ቻርጀር ሲሞላ የሁለት ምጣድ ያህል ይስባል። ባለቤቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ቤቱ ገብቶ ቢሰካው በምጣዱ ሰዓት ላይ ሁለት ምጣድ ጨመረ ማለት ነው። ከአምስት ሰዓት በኋላ ቢሰካውስ? ጧት ያው ሞልቶ ያገኘዋል። መኪናው አይደክመው፣ አይርበው፤ ምን ቸገረው?

፭

ፍልስፍና የሚማረው ጓደኛችን በዚህ አልተስማማም ነበር፤ ክርክሩን ብንደብቀው ደግሞ ሌላ ኬትል አልጋ ሥር መክተት ይሆንብናል። «መጠበቅ የሚችለውን የሚወስነው ማን ነው?» አለ። «እናንተ አራት ወጣቶች የእትዬን ሙቅ ውሃ ምቾት ነው ብላችሁ ስትፈርዱ፣ እትዬ የእማማን ምጣድ አደጋ ነው ብለው ከመፍረዳቸው በምን ይለያል?»

ጥያቄው አከራከረን። ኋላም እንደታየው ልክ ነበር፤ እትዬ ቁርጥማት አለባቸው፤ ሙቅ ውሃው ቅንጦት አይደለም። የደረስንበት መልስ እቁብ ውስጥ ነው ያለው። እቁብ ገንዘብ አይጨምርም። አሥር ሰው ያዋጣው ያው የአሥር ሰው ገንዘብ ነው። እቁብ የሚያከፋፍለው ጊዜን ነው፤ ተራን ነው። ዕጣ የወጣለት ሰው ደግሞ ልጁ የታመመበት ወይም ቤት ኪራይ የደረሰበት አባል ካለ ተራውን ይለቅለታል። ይህ እንዲሆን ግን ሁለት ነገር ያስፈልጋል። አንደኛ፣ የቸገረው ሰው «ቸግሮኛል» ብሎ በሁሉ ፊት መናገር መቻል አለበት። ሁለተኛ፣ ሁሉም ያለውን በግልጽ ማስቀመጥ አለበት። የተደበቀ ድርሻ ያለበት እቁብ አይሆንም፤ ሌብነት ነው።

በግቢያችን የጎደለው ይኸው ነው። ከ25 አምፔሩ በፊት የጎደለው ግልጽነት ነበር። እማማ የሚጠቀሙበትን ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ጭሱም ሽታውም ይናገራል። የኛን የሚያውቅ የለም። ባልታወቀ ድርሻ ላይ የሚሰጥ ፍርድ ሁልጊዜ በሚታየው ሰው ላይ ነው የሚያርፈው። ስለዚህ የደንባችን መነሻ «ማን ይጠብቅ» ሳይሆን «ማን ምን ሰክቷል» መሆን አለበት።

፮

በአራተኛው ቀን ኬትሏንና ምድጃዋን በእጃችን ይዘን እማማ ቤት ሄድን። ዕቃዎቹን መሬት ላይ አስቀመጥንና ነገርናቸው። ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «እኔኮ ምጣዱ መስሎኝ፣ አዲስ ምጣድ ልገዛ ከሰው ልበደር ነበር» አሉ። ትንሽ ቆይተውም «ምነው ልጆቼ፣ ሻይ ነው? ብትነግሩኝ ኖሮ እኔው በከሰል አፈላላችሁ አልነበረም?» አሉን። ቢቆጡን በተሻለን ነበር።

ከዚያ ወደ እትዬ ሄድን። እሳቸው ተቆጡ፤ ልክ ነበሩ። ከክፍሉ ሊያስወጡንም አስበው ነበር። ቁጣው ሲበርድ ወረቀት አውጥተን ሒሳቡን አሳየናቸው። ቦይለሩ ከአንድ ሰዓት እስከ አራት ሰዓት ቢጠፋ ውሃው እንደማይቀዘቅዝባቸው ነገርናቸው። «እስቲ እናያለን» አሉ። አንድ ሳምንት እየጠፋ ሞከሩት። በስምንተኛው ቀን «ውሃውማ ያው ነው» ሲሉ ሰማናቸው። የምጣዱ ክልከላ ተነሣ።

አሁን ቆጣሪው ሥር አንዲት ወረቀት ተለጥፋለች። ቦይለር፦ ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ። ምጣድ፦ ከአንድ እስከ አራት። ካውያ፦ ጧት። የተማሪዎች ምድጃ፦ ቦይለሩ ጠፍቶ ከሆነ ይቻላል። የተማሪዎች ኬትል፦ ከአንድ ሰዓት በፊት ወይም ከአራት ሰዓት በኋላ። ወረቀቷን የጻፈው ሥነ ጽሑፍ የሚማረው ጓደኛችን ነው። ከጻፋቸው ግጥሞች ሁሉ ብዙ ሰው ያነበበለት እሷን ነው እያልን እንቀልድበታለን። ለሻይ ፔርሙዝ ገዝተናል። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የፈላው ውሃ ሦስት ሰዓት ላይም ሻይ ይሆናል። ፔርሙዝም ትዕግሥት ያለው ዕቃ ነው።

ብሬከሩ ከዚያ ወዲህ የወረደው ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዴ በበዓል ዋዜማ፣ አንዴ የሹፌሩ ሚስት ረስተው ካውያ ሰክተው። ሁለቱንም ጊዜ የሰካው ሰው ራሱ ነው «እኔ ነኝ» ብሎ የወጣው።

የተሠራው ሁሉ ግን የጠፋውን አልመለሰም። ከሁለቱ ሱቆች አንዱ ወደ እማማ ተመልሷል። ሌላው ከአዲሷ ጋጋሪ ጋር ተስማምቶ ቀርቷል። እማማ ዛሬ የሚጋግሩት ስድሳ ሳይሆን አርባ ነው። የጎደለችውን ሃያ እንጀራ እኛ እየገዛናቸው እንደሆነ ቢሰማ ደግነት እንዳይመስል። ለጓደኞቻችን እየዞርን እንሸጣለን፤ ቅዳሜ ቅዳሜም ገንዘቡን ቆጥረን እናስረክባለን። ዕዳ ነው።

በየዶርሙና በየኪራይ ቤቱ ያላችሁ አንባቢዎች አልጋ ሥር ምን እንዳለ እኛ አናውቅም። እናንተ ታውቃላችሁ። የምንላችሁ አንድ ነገር ነው፤ ማታ መብራት ሲጠፋና ሁሉም በር ሲከፈት፣ «ምነው፣ መብራት ሄደ እንዴ?» ከማለታችሁ በፊት አንድ ጊዜ ወደ አልጋው ሥር ተመልከቱ። በዚህ የማትስማሙ ጻፉልን፤ በሚቀጥለው እትም እንከራከር።